የገና ጌጥ መዓዛ ከየት ይመጣል? ወዴትስ ይሄዳል?

የበዓልን መድረስ ከሚያበስሩን ነገሮች አንዱ መዓዛ ነው። በወለል ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ፣ በፍም ላይ የተጨመረው ዕጣን፣ በስኒ ውስጥ ጣል የተደረገው ጤና አዳም የየራሳቸው ሽታ አላቸው። አንዱ በግማሽ ቀን ሲጠፋ ሌላው ለወራት የሚቆየው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ለገና በዓል ከልጆች ጋር በቤት ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ጌጦችን መነሻ አድርገን ይህን ጥያቄ እንመረምራለን። የሚያስፈልጉት ነገሮች በአምቦም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከገበያና ከደጅ የሚገኙ ናቸው።

መዓዛ ቁስ አካል ነው

አንድ ነገር ሸተተን ማለት ከዚያ ነገር የተለዩ ሞለኪዩሎች በአየር ተጉዘው አፍንጫችን ደረሱ ማለት ነው። ስለዚህ መዓዛ የሚሰጥ ሁሉ ከራሱ ጥቂት በጥቂት ያጣል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ ቀስ በቀስ እንደሚያመልጥ፣ የዕፀዋት ተናኝ ዘይትም እንዲሁ ያመልጣል።

ዘይቶቹ ግን እኩል አይፈጥኑም። በብርቱካን ልጣጭ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊሞኒን ነጥበ ፍሌቱ 176 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ የቅርንፉድ ዋና መዓዛ የሆነው ዩጂኖል 254 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥብ ልብስ ሳይፈላ እንደሚደርቅ ሁሉ እነዚህም በክፍል ሙቀት ይተናሉ። በጥቅሉ ነጥበ ፍሌቱ ዝቅ ያለው ቶሎ ይሄዳል፤ ከፍ ያለው ይዘገያል። የተላጠ ብርቱካን ክፍሉን ወዲያው ሞልቶ ቶሎ የሚጠፋው፣ ቅርንፉድ ግን በዝግታ የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛው ጌጥ፦ ብርቱካንና ቅርንፉድ

ጠንከር ያለና ያልቆሰለ ብርቱካን ይመረጥ። አዋቂ ሰው ልጣጩን በወስፌ ይብሳ፤ ልጆች በየቀዳዳው አንድ አንድ ቅርንፉድ ይሰኩ። ከዚያም በክር ታስሮ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይንጠልጠል። ለገና እንዲደርስ ሥራው በኅዳር ወር ማብቂያ ሊጀመር ይገባል።

ብርቱካኑ ሳይበሰብስ የሚደርቀው ሁለት ነገሮች ስለሚረዱት ነው። ዩጂኖል የሻጋታንና የባክቴሪያን እድገት ይገታል፤ የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ውኃውን ይወስዳል። ይኸው ጌጥ በክረምት ቢሠራ አየሩ በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ ሻጋታ ሊቀድመው ይችላል። የሻገተ ወይም የላመ ብርቱካን መጣል አለበት።

ሁለተኛው ጌጥ፦ የባሕር ዛፍ ፍሬና ኮረሪማ

ባሕር ዛፍ ከምዕራብ ሸዋ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ እንጨት በመመናመኑ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት ማደጉ አዲስ አበባ ባለችበት እንድትጸና ከረዱ ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ ጠንካራና አመድማ ሰማያዊ ሲሆን፣ አናቱ ሲከፈት የመስቀል ወይም የኮከብ ቅርጽ ያሳያል። ሲደርቅ ለመብሳት ስለሚያስቸግር ገና እርጥብ ሳለ ይበሳ፤ ከዚያም ከኮረሪማ ጋር እያፈራረቁ በክር መሰካት ነው። ሁለቱ ዕፀዋት ዝምድና የላቸውም። ሆኖም የባሕር ዛፍ ቅጠልና የኮረሪማ ፍሬ ዘር ዋና የመዓዛ ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ሲኒዮል ይባላል። ልጆች አንድ ኮረሪማ ሰብረው ካልተሰበረው ጋር ያነጻጽሩ። ሽፋኑ ዘሩን በመክደን ትነቱን እንደሚያዘገይ በአፍንጫቸው ያረጋግጣሉ።

ሙከራ

እኩል መጠን ያለው የብርቱካን ልጣጭ በሦስት ይከፈል፤ አንዱ በፀሐይ፣ አንዱ በጥላ፣ አንዱ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይቀመጥ። ልጆች የትኛው መዓዛውን ይዞ እንደሚቆይ አስቀድመው ግምታቸውን ይጻፉ። በማግሥቱ ዓይናቸውን ተሸፍነው እያሸተቱ ደረጃ ይስጡ። አፍንጫ አንድን ሽታ ቶሎ ስለሚለምድ በየመካከሉ ወደ ውጭ ወጥተው ንጹሕ አየር ይሳቡ። ውጤቱ ከግምታቸው ቢለይ ምክንያቱን ይወያዩበት እንጂ ግምታቸውን አይሰርዙት።

ጥንቃቄ

መዓዛ ያለው ሁሉ ለሕፃን ደኅና ነው ማለት አይደለም። የባሕር ዛፍ ዘይት ቢዋጥ በተለይ ሕፃናትን ይመርዛል፤ ስለዚህ ዘይቱ በልጆች እጅ አይግባ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ለፀሐይ ሲጋለጥ ሊቆስልና ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል ለዚህ ሥራ አንመርጠውም። ቅርንፉድና ጥቃቅን ፍሬዎች ሊያንቁ ስለሚችሉ ጌጡ ከሕፃናት እጅ ይራቅ። ተናኝ ዘይቶች ተቀጣጣይ በመሆናቸውም ከሻማና ከከሰል ማንደጃ አጠገብ አይሰቀል።

የት እንሰቅለው?

ለገና ዛፍ ተብሎ ጽድ ሲቆረጥ ይታያል። ጽድ አገር በቀል ነው፤ እድገቱም አዝጋሚ ነው። በጊንጪ አቅራቢያ የሚገኘው የጭሊሞ ደን ጽድ፣ ዝግባና ወይራ አብረው የሚታዩበት የቀደመው የደጋ ደን ቅሪት ነው። ለጥቂት ቀናት ጌጥ የብዙ ዓመታት እድገት መቁረጥ አያስፈልግም፤ የተገረዘ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በባልዲ አሸዋ ቢተከል ሁለቱንም ጌጦች ይሸከማል፤ ራሱም መዓዛ ይሰጣል።

በዓሉ ሲያልፍ የደረቁት ጌጦች ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት ቆርቆሮውን ልጆች ይክፈቱት፤ የትኛው መዓዛ እንደቀረ፣ የትኛውስ እንደሄደ በደብተራቸው ይመዝግቡ።