በውኃ ውስጥ ፎቶ ለማንሣት የመጀመሪያ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

የዲምቱ ልጅ ስለ ባሕር ጠለቃ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኛ ሰፈር ትልቅ ውኃ ሲባል ብላቴ ነው፤ ብላቴ ደግሞ ክረምት ሲገባ ከውኃ ይልቅ ጭቃ ይመስላል። ነገሩ የመጣው ከጅቡቲ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ጠላቂ ቱሪስቶችን በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ይሠራል። የአየር ሲሊንደር ይጭናል፣ ያወርዳል፣ መልሕቅ ይጥላል። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን የስኩባ ኮርስ ስላስተማሩት አሁን እስከ 18 ሜትር ድረስ ለመጥለቅ የሚያስችል ወረቀት አለው። እንግዶቹ "እኔን እዚያ ታች ቅረጸኝ" እያሉ ስለሚጠይቁት ካሜራ ገዝቶ በትርፍ ጊዜው ትንሽ ገንዘብ ለማግኘት አሰበ። መግዣው ግን ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ ካጠራቀመው ላይ የሚነሣ ነው። እናቱ አክስቴ ናት፤ ቤቷን አውቀዋለሁ፣ በሐምሌ የት የት ጋ እንደሚያፈስም አውቃለሁ። "አንተ ፊዚክስ ትማር የለ? የትኛውን ልግዛ?" ብሎ ሲደውልልኝ ጉዳዩን እንደ ቀልድ ላየው አልቻልኩም።

በፊቱ ሦስት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ በርካሽ ሊሸጥለት ያሰበው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ኦሊምፐስ፣ አሁን ኦኤም ሲስተም በሚል ስም የሚወጣው ቲጂ የሚባል የኪስ ካሜራ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎፕሮ። ልቡ ያለው ትልቁ ላይ ነበር። ሜጋ ፒክስሉ ብዙ ነው፣ ሲይዙትም ባለሙያ ያስመስላል። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ የላክሁለት መልስ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ኦፕቲክስና የፈሳሽ ግፊት ስንማር ለፈተና ብቻ የሚጠኑ የሚመስሉን ቀመሮች የሰው ገንዘብ ላይ ሲወስኑ ስላየሁ ለመጽሔታችን ይሆናል ብያለሁ።

በመጀመሪያ ግፊት። እንደሚታወቀው በውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ይጨመራል። ቁጥሩን ሲያነቡት ቀላል ይመስላል። እስቲ 10 ሳንቲ ሜትር በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካሜራ ጀርባ እንውሰድ፤ ስፋቱ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በ18 ሜትር ጥልቀት ላይ ውኃው ይህን ጀርባ 1,080 ኒውተን በሚደርስ ኃይል ይጫነዋል። በገበያ ቋንቋ ከአንድ ኩንታል በላይ እህል ካሜራው ላይ መጫን ማለት ነው።

ስለዚህ "ውኃ አያስገባም" የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ መግዛት አይበቃም፤ እስከ ስንት ሜትር ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቲጂ-7 ብቻውን እስከ 15 ሜትር፣ የቅርብ ጊዜዎቹ ጎፕሮዎች ደግሞ ብቻቸውን እስከ 10 ሜትር ናቸው። የወንድሜ ወረቀት 18 ሜትር ይፈቅዳል። ሁለቱም ካሜራዎች ሃውዚንግ የሚባለውን ውኃ የማያስገባ ሳጥን ይፈልጋሉ ማለት ነው። የጎፕሮው ሳጥን እስከ 60 ሜትር፣ ለቲጂ የሚሠራው እስከ 45 ሜትር ይችላል። የስልክ ማስታወቂያ ላይ የምናየው አይፒ68 የሚለው ምልክትም ቢሆን የሚለካው በቆመ ንጹሕ ውኃ ነው፤ የጨው ባሕር ውስጥ ግቡበት ማለት አይደለም።

የትልቁ ካሜራ ርካሽነት የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ላለ ካሜራ የሚሠራ ሳጥን ለዚያው ሞዴል ብቻ ተለክቶ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ይበልጥ ያስከፍላል። በዚያ ላይ የሌንሱ መስታወት ለብቻው ይገዛል። ካሜራው የተበላሸ ቀን ደግሞ ሳጥኑን ለሌላ ካሜራ ማድረግ አይቻልም። "በቃ፣ የሰውየውን ተወው" አልኩት። አልተደሰተም።

ሳጥኑ ውኃ የማያስገባው ኦ-ሪንግ በሚባል ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። አንድ የራስ ፀጉር ወይም አንድ ፍሬ አሸዋ ቀለበቱ ላይ ካረፈ ውኃው መንገድ አገኘ ማለት ነው። ቅባት የሚቀባው ቀለበቱ በቦታው ሳይጠማዘዝ እንዲተኛ እንጂ ቀዳዳ እንዲደፍን አይደለም፤ ሲበዛ እንዲያውም ቆሻሻ ይሰበስባል። ብዙ ሰው ሳጥን የሚያፈሰው ከጥልቁ ይመስለዋል። ነገር ግን ጥልቀት ክዳኑን አጥብቆ ይዘጋዋል፤ በደንብ ያልተቀመጠ ቀለበት ብዙውን ጊዜ የሚያስገባው ገና ላይ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ሳጥን መጀመሪያ ካሜራ ሳይገባበት ሶፍት ተደርጎበት ባልዲ ውስጥ ይነከር። ሶፍቱ ከደረቀ ወደ ባሕሩ ይሂድ። ጅቡቲ አየሩ እርጥበት ስላለው ካሜራው ደረቅ ክፍል ውስጥ መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ከታች ያለው ቀዝቀዝ ያለ ውኃ መስታወቱን ከውስጥ ጉም ያለብሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ብርሃን። የውኃ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 1.33 ነው። በዚህ ምክንያት 4 ሜትር ላይ ያለ ዓሣ 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ጠፍጣፋ መስታወት ያለው ሳጥን ውስጥ የገባ ሌንስም እይታው ይጠባል። በአየር ላይ 90 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ በስኔል ሕግ ሲሰላ በውኃ ውስጥ 64 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያያል። አንድን ጠላቂ ከእግር እስከ ራሱ ለማስገባት ወደ ኋላ መሸሽ ሊኖርብን ነው። በሸሸን ቁጥር ደግሞ በእኛና በሰውየው መካከል ያለው ውኃ ይበዛል። የውኃ ውስጥ ፎቶ ጠላቱ ይኸው በመካከል ያለ ውኃ ነው። ሜጋ ፒክስል አያሸንፈውም። የሚያሸንፈው ሰፊ ሌንስ ይዞ መቅረብ ነው።

ውኃ ቀይን ቀድሞ ይውጣል። 5 ሜትር ላይ ቀይ ይደበዝዛል፤ ከ10 ሜትር ካለፈ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። የሚቆጠረው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ፣ ዓሣው ላይ አርፎ፣ እንደገና እስከ ሌንሱ የሚሄደው ርቀት ሁሉ ይደመራል። ከላይ ከሚመጣው ብርሃን ጋር ቀይ ማጣሪያ ማድረግ የቀረችውን ትንሽ ቀይ አጉልቶ ያሳያል፤ የሌለውን ግን አይፈጥርም። የራስን መብራት ይዞ መውረድ ቀዩን ይመልሰዋል፤ እሱም ከአንድ ሜትር ብዙ ላልራቀ ነገር ነው።

መብራቱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በጋ ላይ፣ ገና አስፋልት ባልገባበት መንገድ፣ ማታ ከፊታችን መኪና አቧራ አስነሥቶ ሲያልፍ ረጅሙን መብራት ብናበራ የምናየው ነጭ ግድግዳ ነው። በውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ነገርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ካሜራው ላይ የተገጠመ ፍላሽ ፎቶውን በበረዶ የተመታ ያስመስለዋል። መብራቱ በክንድ ተይዞ ወደ ጎን መራቅ አለበት፤ በካሜራው ፊት ያለው ደቃቅ ነገር እንዳይበራ፣ ዓሣው ብቻ እንዲበራ።

ይህን ችግር የውጭ ሰዎች ገና ድሮ ታግለውታል። ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን እ.ኤ.አ. በ1893 ባንዩልስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ፎቶ ሲያነሣ ካሜራውን እስከ 30 ደቂቃ ክፍት ያደረገበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 እና 53 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ወቅት የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥቶ በቀለም ቀርጿል፤ ፎልኮ ኩዊሊቺ በ1954 ያወጣው "ስድስተኛው አህጉር" የተባለው ፊልም የዚያ ጉዞ ውጤት ነው። ያለ ሳጥን ራሱ ውኃ የሚገባው ኒኮኖስ ካሜራ ከ1963 እስከ 2001 ተሠርቷል። ዳህላክ ለእኛ ቅርብ የነበረች ባሕር መሆኗን ያወቅሁት ይህን ሳነብ ነው፤ በትምህርት ቤት የነገረኝ የለም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ለራሴ ቢሆን ኖሮ ቲጂን እመርጥ ነበር፤ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ስለሚያነሣ ትንንሽ የባሕር ፍጥረት ለማጥናት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ወንድሜ ግን የሚቀርጸው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው፣ በቀን ፀሐይ፣ ብዙ ባልጠለቀ ጥርት ያለ ውኃ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ይመጣሉ፤ እንግዶቹ በአብዛኛው ከላይ እየዋኙ ነው የሚያዩዋቸው። ለዚህ ሥራ ሰፊ ሌንስ ያለው ጎፕሮ ከነሳጥኑ በቂ ነው፤ ለዓሣው ሲባል ፍላሽም አይፈቀድም። ዝርዝሩን እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ ካሜራው፣ ሳጥኑ፣ ትርፍ ቀለበት፣ ሁለተኛ ባትሪና ከእጅ ጋር የሚታሰር ገመድ። መብራቱ ሥራው ራሱ ሲከፍለው ይምጣ። ካሰበው ግማሽ ያህል ወጣ፤ ቀሪው ለቆርቆሮው ተመለሰ።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጨቃጨቅን። የጠለቀው ገና 9 ጊዜ ነበር። ካሜራ የያዘ ጀማሪ ዓይኑ ከስክሪኑ ላይ ስለማይነሣ የአየር መለኪያውንና ጥልቀቱን ማየት ይረሳል። በውኃ መካከል ሳይወርድ ሳይወጣ ተንሳፎ መቆየት ሳይችል ካሜራ አትያዝ አልኩት። "ሥራ ነው እኮ!" አለኝ። እኔም "የአክስቴ ልጅ አንድ ነህ" አልኩት። በመጨረሻ አስተማሪው አብሮት ካልወረደ ካሜራ ላይዝ ተስማማን።

ለጊፋታ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ካሜራውን ይዞ መጣ። ስለ ጉዞው ለሌሎች ጠላቂዎች የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይባላል። ወደ አዲስ አበባ በባቡር የሚመጣም ቢሆን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ነገሩ ያው ነው። ሳጥኑም ተቆልፎ አይመጣም። ጅቡቲ ላይ የተዘጋ አየር አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በቅድሙ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሰላ 15 ኪሎ ያህል ይሆናል፣ ያውም ቀለበቱ ባልተሠራለት አቅጣጫ። ሳይቆለፍ ማምጣት ነው።

ዘመድ ሁሉ "አባያን ከሥሩ አሳየን" አለ። አባያ ውስጥ አይጠለቅም፤ አዞው ከእኛ ቀድሞ ያየናል። ስለዚህ ካሜራውን ቀርከሃ ጫፍ ላይ አስረን ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ሆነን አወረድነው። ዋይፋይ በውኃ ውስጥ ስለማያልፍ በስልክ እያዩ መቅረጽ አይቻልም፤ አብርቶ ማውረድ፣ አውጥቶ ማየት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረውን ሞከርን፤ ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ውኃ ውስጥ ማውረድና የጠፋበትን ቦታ መለካት። የእኛ ሳህን አንድ ስንዝር ሳይሞላ ጠፋ። ጎፕሮ ደግሞ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች የቀረበን ነገር አጥርቶ አያሳይም። ውኃው የሚያሳየው ከአንድ ስንዝር ወዲህ፣ ካሜራው የሚያጠራው ከአንድ ስንዝር ወዲያ! ለአባያ የሚሆነው እንግዲህ ያ ለወንድሜ ያልመረጥሁለት ቲጂ ነበር፤ መረብ ውስጥ ያለ ቆሮሶ ላይ ተጠግቶ ዓይኑንና ቅርፊቱን ያነሣል። ቀይ ማጣሪያውም እዚያ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ብላቴና ሌሎቹ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ቀድሞ የሚውጠው ሰማያዊውን ነው፤ ቀዩ አስቀድሞም ተርፏል።

የቀረጽነው አራት ደቂቃ ያህል ነው። አክስቴ እስከ መጨረሻው አየችውና "ይሄማ ሻይ በወተት ነው፤ ዓሣው የታል?" አለች። ወንድሜ የጅቡቲውን ከፈተላት።