አሮጌ ቤትን ስለ ማደስ

አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ ቤትህን ለማደስ ባሰብህ ጊዜ አስቀድመህ የምትጠራው ማንን ነው? ብዙ ሰው አናጺውን ይጠራል። አንተ ግን አስቀድመህ ብቻህን ቤቱን ዙረህ ተመልከት። በአማኑኤልም ሆነ በቢቸናና በሞጣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ብዙ ነውና ሕመሙ በምርጊቱ ሥር ተሰውሮ ይኖራል። የቋሚውን እግር ከመሬት በሚገናኝበት ስፍራ ገልጠህ በቢላዋ ጫፍ ውጋው፤ ቢላዋው ዝም ብሎ ቢገባ ምስጥ ወይም እርጥበት በልቶታል።

ያየኸውን ሁሉ በወረቀት ጻፍ፤ የሚለወጠውን እንጨት፥ ቆርቆሮውን፥ ምስማሩን፥ ጭዱን፥ የሠራተኛውንም ደመወዝ። ላልታሰበ ነገርም ጥቂት ጨምርበት፤ አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ ያልተጠበቀ ጉዳት ሳያሳይ አይቀርምና። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረውን ታውቃለህ፤ እኛ ግን ነገሩን ለነፍሳችን ጉዳይ ብቻ አድርገን ለቤታችን ሲሆን እንረሳዋለን። ገንዘቡ በመካከል ያለቀበት ሰው ጣራው ተነሥቶ ሳለ ሰኔ ይደርስበታል፤ ወይም የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ያስቀራል፤ ይህም ከዝናቡ የከፋ ነው። ስለዚህ ሥራውን በበጋ ጀምር፤ ጭቃው ለመድረቅ ፀሐይ ያገኛል፥ የጤፍ ጭድም ከአውድማ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴን ክፍል ሳሳድስ አናጺው የማእዘኑ ቋሚ ተለውጧል ቢለኝ ሳላይ አመንሁት። ምርጊቱም እጅግ አምሮ ነበር። በሐምሌ ማእዘኑ ተንዶ በአልጋዋ ላይ ወደቀ፤ እናቴ ቡና ልትጠጣ ወደ ጎረቤት ሄዳ ስለ ነበር ተረፈች። ፍርስራሹን ስናነሣ አዲሱ እንጨት ከበሰበሰው ጋር በሽቦ ታስሮ አገኘሁት። አናጺውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቆሞ ለማየት ግማሽ ቀን የነፈገው ልጇ ነው።

እንግዲህ ከባለሙያው ጋር ስትዋዋል እንጨቱ ቆሞ ሳታየው ጭቃ እንዳይመረግ አስጽፍ። ባሕር ዛፉ ልጡ የተላጠና የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማልና። ቋሚውን በቱንቢ ለካው። ጭቃውም ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይሰንብት፤ የፊተኛው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጠቅ ሁለተኛው አይጨመርበት። በጣራውም ላይ ምስማሩ ከቆርቆሮው እጥፋት ከፍ ባለው ላይ ይመታ፤ ውኃ የሚወርደው በዝቅተኛው ነውና። በፀሐይ ቀን አንድ ባልዲ ውኃ በጣራው ላይ አስፈስሰህ አንተ ከውስጥ ቆመህ ተመልከት።

አንዳንዱ ደግሞ የተሰነጠቀውን የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን ከሥር ያለው እርጥበት መውጫ አጥቶ ጭቃውን ያላላዋል፥ ሲሚንቶውም እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በላሊበላ እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ዝናብ እንዳይገባባቸው በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። በ1960ዎቹ ኢጣልያዊው የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው ጥገና ያን ቅብ ከድንጋዩ ላይ ማስፈቅፈቅ ግድ ሆነ።

ከደመወዙም ጥቂቱን እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ ለማቆየት ብትወድ በመጀመሪያው ቀን በምስክር ፊት ንገረው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ብትናገረው ግፍ ነው። ዝናቡ መጥቶ ጣራው ያላፈሰሰ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ክፈለው።