ጠረጴዛውን ዝቅ አስደርጊ

ልጄ፣ ለሬዚደንሲ ቀዶ ሕክምና እንደደረሰሽ ሰምቼ እልል ካልኩ በኋላ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ስለ ድፍረት የሚነግርሽ አይጠፋም። እኔ የማወራሽ ስለ ቁመትና ስለ ጓንት ነው።

1. ጠረጴዛውን ዝቅ አስደርጊ። የኦፕሬሽን ጠረጴዛ ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከለው ለረጅሙ ሰው ነው። ሬዚደንት በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት መቆሚያ መጠየቅ አፍሬ፣ በእግር ጣቶቼ ቆሜ ሪትራክተር ያዝኩ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ባቴ ተኮማተረና እጄ ተንሸራተተ። የፈሰሰው ደም ጥቂት ነበር፤ ሲኒየሩ ግን "ይሄ ጉልበት ይፈልጋል ብዬሽ ነበር" አለኝ። የጎደለኝ ጉልበት ሳይሆን አሥር ሳንቲሜትር እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። አንቺ ስትሠሪ ጠረጴዛው በክርንሽ ልክ ይውረድልሽ፤ ስታግዢ መቆሚያ አስመጪ። የጓንት ቁጥርሽ 6 ከሆነ ደግሞ ከዋዜማው አሳውቂ። በ7½ ጓንት ክር ስትቋጥሪ የሚቋጥረው ላስቲኩ ነው።

2. ታካሚ "ሲስተር" ሲልሽ አትቆጪ። ራውንድ ላይ ሁሉን አስረድተሽ ስትጨርሺ፣ አንድ አባት ከኋላሽ የቆመውን ኢንተርን እያዩ "እሺ ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚያየኝ?" ይሉሻል። "አባቴ፣ ነገ ኦፕሬሽንዎን የምሠራው እኔ ነኝ" ብለሽ ስምሽን ንገሪያቸው፤ ይበቃል። የሥራ ባልደረባ ግን በስብሰባ ላይ ወንዶቹን "ዶክተር" እያለ አንቺን በቁልምጫ ከጠራ፣ እዚያው አርሚው።

3. ወንድ ለመምሰል አትድከሚ። ጄምስ ባሪ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በ1826 እ.ኤ.አ. ኬፕ ታውን ላይ እናትም ልጅም የተረፉበትን ቀዶ ወሊድ ሠርቷል። ሴት ሆኖ መወለዱ የተሰማው በ1865 ከሞተ በኋላ ነው፤ በዚያ ዘመን በሴት ስም ሕክምና መማር አይቻልም ነበር። እኔ ሱሪ ሳይሆን ጩኸት ነው የተዋስኩት። እንደ ሲኒየሮቼ መጮህ፣ መሣሪያ መወርወር ጀመርኩ (አላማረብኝም)። አንድ ቀን ሆድ እየዘጋሁ ሳለ ጋውዝ ጎድሎ ነበር፤ ነርሷ እኔን ፈርታ እስከ መጨረሻው ስፌት ድረስ ዝም አለች። ጋውዙን አገኘነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጮኼ አላውቅም።

4. ቢላውን ጠይቂ። ማሚቱ ጋሼ በምጥ ተጎድታ ፊስቱላ ይዟት ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ማንበብ አትችልም ነበር። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ካከሟት በኋላ እዚያው ቀረች፤ አልጋ አነጠፈች፣ መሣሪያ አቀበለች፣ በመጨረሻም ራሷ ፊስቱላ ጠጋኝ ሆና ሐኪሞችን አሠለጠነች። ሰዎች ይህን እንደ ተአምር ያወሩታል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ እጇ የሠለጠነው መሣሪያው ስለተሰጣት ነው። ሪትራክተርና ካሜራ ብቻ ይዘሽ ወሩ ካለቀ፣ ሎግቡክሽን ይዘሽ ወደ አስተማሪሽ ሂጂ። "ሃያ ኦፕሬሽን ገባሁ፣ በእጄ የሠራሁት ሁለት ነው" በይ። ስለ አድልዎ ብታወሪ ይከራከሩሻል፤ በቁጥር የተከራከረኝ ግን አላጋጠመኝም።

5. "ጡት ቀዶ ሕክምና ግቢ፣ ለትዳር ይመቻል" ይሉሻል። ከወደድሽው ግቢ፤ እባጯን ከባሏ የደበቀች ሴት ለአንቺ ትገልጠዋለች፣ ዘግይተው የሚመጡብን ደግሞ ብዙ ናቸው። አጥንት ከወደድሽ አጥንት ግቢ። መዶሻው ይከብድሻል የሚሉሽ፣ እናቶቻቸው በሙቀጫ ሲወቅጡ አላዩም።

6. ስታረግዢ ቶሎ ተናገሪ። ሆድሽን በጋውን ሸፍነሽ ኤክስሬይ በሚነሳበት ኦፕሬሽን አትቁሚ፤ እርግዝናው ከተነገረ በኋላ ለጽንሱ የሚመከረው የጨረር ጣሪያ 1 ሚሊሲቨርት ነው። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጥሻል። ዱቲሽን የሚሸፍኑልሽ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ቀደም ብለሽ የበዓል ዱቲያቸውን ውሰጂላቸው። ወንዶቹ አባት ሲሆኑ ይህን የሚጠይቃቸው እንደሌለ አውቃለሁ። ፍትሕ ነው አላልኩሽም።

በመጨረሻ ብረት ሠሪ ዘንድ ሄጄ ያሠራኋት መቆሚያ ቢሮዬ ጥግ አለች። አንድ እግሯ ይነቃነቅ ነበር፣ አስበየድኩት። ሰኞ ከራውንድ በፊት መጥተሽ ውሰጃት።