በካንሰር ሕክምና ላይ ላሉ ምእመናን፦ ስለ ጠጉር ቀለም

በዚህ ዕትም ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የምናቀርበው ትምህርት፣ በካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ እኅቶች ስለሚያነሡት ጥያቄ ነው፤ ጠጉርን መቀባት ይቻላልን? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከጎንደር መድኃኒት ወስዳ ወደ መተማ የምትመለስ እናት፣ ጠጉሯ ሲሳሳ ሰው እንዳይጠቋቆምባት ሰግታ ከቅዳሴና ከማኅበር ልትቀር ትችላለች።

ከካንሰር መድኃኒቶች ብዙዎቹ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚያጠቁ የጠጉርን ሥር ይጎዳሉ፤ መርገፉም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል። የራስ ቆዳም ይደርቃል፣ በቀላሉ ይቆጣል። ስለዚህ በሕክምናው ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ እስከ 6 ወር ድረስ፣ ከኬሚካል ቀለም መቆጠብ ይመከራል።

በቆላው ወሰን ይልቁንም የሚያሰጋን «ጥቁር ሂና» ነው። ንጹሕ የሂና ቅጠል ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር ቀለም አይሰጥም፤ የሚያጠቁረው ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ነው። በጎረቤት ሱዳን ከሂና ጋር ሲቀላቀል የኖረ ሲሆን ቆዳን ያቆስላል፤ የተዋጠ እንደሆነም ጉሮሮን አሳብጦ፣ ኩላሊትን ጎድቶ ይገድላል። ምንነቱ ሳይታወቅ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥን ዱቄት «ቅጠል ነውና አይጎዳም» ብሎ መቀባት አይገባም፤ ከሕፃናትም ይራቅ።

ጠጉሯ ዳግመኛ በቅሎ መቀባት የምትሻ እኅት አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። ከተፈቀደላት ጥቂት ቀለም ከጆሮዋ በስተኋላ ቀብታ 48 ሰዓት ትጠብቅ፤ ካሳከካት ወይም ካበጠባት ትተወው። እስከዚያው ሻሽና ነጠላ ከመተማ ፀሐይም ይከልሏታል። የንስሐ አባቶች ለጉብኝት ሲሄዱ ይህን ለታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ጠጉሯን ለምትሠራላት ጎረቤትም ይንገሩ።