የሮታሪ ሞተር አውሮፕላን ካምቢዮና ፕሮፔለር አቀያየር፦ ለጅግጅጋ አየር

ጅግጅጋ ያለችው ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በእጅ የተሠራና ማዝዳ 13ቢ ሮታሪ ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን ከዚህ ሜዳ ለማስነሳት የሚያስብ ሰው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት አየሩን ያስላ። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ1,600 ሜትር ግን ቀትር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.96 ይወርዳል። ከአምስት እጅ አንዱ የበለጠው ጎደለ ማለት ነው። ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም፣ ራዲያተሩም የሚሠሩት በዚሁ በሳሳ አየር ነው። በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ ለጅቡቲ የባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ አይበጅም።

ቀጥሎ ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ የሚቀይሩትን ዕቃ ሁሉ ከነክብደቱ ይመዝግቡ።

አሁን ወደ ምርጫው። የ13ቢ ሮተር አንድ ዙር ሲዞር ዘንጉ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ደግሞ ዘንጉ በደቂቃ 6,000 ዙርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት ቢዞር ጫፉ ከድምፅ ስለሚቀድም መሐል ላይ የፍጥነት መቀነሻ ካምቢዮ ይገባል። የተለመዱት 2.17 ለ1 እና 2.85 ለ1 የሚቀንሱት ናቸው። በ2.17፣ ሞተሩ 6,000 ሲዞር ፕሮፔለሩ 2,765 ይዞራል፤ ርዝመቱ 1.73 ሜትር ከሆነ ጫፉ በሰከንድ 250 ሜትር ይሄዳል። በ2.85 ሞተሩን እስከ 7,000 ቢያደርሱት ፕሮፔለሩ 2,456 ይዞራል፤ 1.93 ሜትር ርዝመት ያለው ቢገጠም የጫፉ ፍጥነት 248 ገደማ ነው። ሁለቱም ከ270 በታች ስለሆኑ ደህና ናቸው። ለጅግጅጋ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ሰፊ ፕሮፔለር በመነሻ ፍጥነት ብዙ አየር ስለሚይዝ ሩጫው ያጥራል። አንዱ የሌላውን ምርጫ ስለሚወስን ግን ካምቢዮውንና ፕሮፔለሩን ለየብቻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ርዝመቱ ሲጨምር ከመሬት ያለው ክፍተት ይቀንሳል። የፊት ጎማ ላለው ቢያንስ 18 ሴንቲ ሜትር፣ የጅራት ጎማ ላለው 23 ይተው፤ ጠጠር ሜዳ ላይ ከዚህም ይጨምሩ። የመዞሪያ አቅጣጫውንም ይዩ፦ ሁለት ማርሽ ብቻ የተነካከሰበት ካምቢዮ አቅጣጫውን ይገለብጣል፣ በቺንጋ የሚሠራው አይገለብጥም። ለግራ የተቀረጸ ፕሮፔለር ወደ ቀኝ ቢዞር አይጎትትም።

ለመፍታት ባትሪውን ያላቅቁ፣ አራቱንም ካንዴላዎች ያውጡ፣ ፕሮፔለሩን አስቀድመው ያውርዱ። ሞተሩን በገመድ ወጥረው ካንጠለጠሉ በኋላ ብቻ የካምቢዮውን ቡሎኖች ይፍቱ። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለውን የንዝረት ማብረጃ ጎማ በጣት እየተጫኑ ይፈትሹት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ አሮጌውን መልሶ መግጠም አይገባም።

ሲገጥሙ ቡሎኖቹን በፋብሪካው ልክ፣ በቶርክ መፍቻ፣ ፊት ለፊት እያቀያየሩ ያጥብቁ። ከዚያ አንድ እንጨት መሬት ላይ ተክለው የአንዱን ላባ ጫፍ ምልክት ያድርጉ፣ ፕሮፔለሩን በእጅ አዙረው ሌላውን ያመሳክሩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይፈታና መቀመጫው ይጸዳል። የእንጨት ፕሮፔለር በጂላል፣ በደረቁ ወራት፣ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንጨቱ እርጥበቱን ሲያጣ ይኮማተራል፣ ጠብቆ የነበረው ቡሎን ይላላል፣ ፕሮፔለሩም መቀመጫው ላይ መፋተግ ይጀምራል፤ ቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ዱቄት ምልክቱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማስነሻ በኋላ፣ ከዚያም ወቅት በተለወጠ ቁጥር መልሰው ያጥብቁ። የጂላል አቧራ የሮተሩን ጫፍ ማሸጊያዎችም ይበላል፤ ያለ አየር ማጣሪያ ሞተሩን አያስነሱ።

የሮታሪ ጭስ ከተራ ፒስተን ሞተር ጭስ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ማርሚታውና ማሰሪያው የዋዛ ነገር አይደሉም። በሰኔ 2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር በሠራው ኬ-570ኤ አውሮፕላን ሊበር ሲሞክር፣ የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ተሰብሮ አጠገቡ ያለው ፕሮፔለር ተጎዳ። አውሮፕላኑን ለመሥራት የደከመን ሰው ያስቆመው አንድ ማሰሪያ ነው። ማሰሪያውን ሁለት ያድርጉ፣ ቡሎኑን በሽቦ ይቆልፉ።

ካምቢዮው አፍንጫውን ስለሚያከብድ አውሮፕላኑን በሦስቱም ጎማዎች መዝነው የሚዛን ነጥቡን እንደገና ያስሉ፤ ብዙ ጊዜ ባትሪውን ወደ ጅራት ማዛወር ይበቃል።

ሙከራውን ጠዋት በካራማራ ተራራ በኩል ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ በስምንት ሰዓት ያድርጉት። ጅራቱን በጠንካራ ሰንሰለት ይሰሩ፣ ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን ያርቁ። ጋዙን ሙሉ ሰጥተው ዙሩን ይመዝግቡ፦ ካሰቡት በጣም ካነሰ የላባው ማዘንበል በዝቷል፣ ካለፈ አንሷል። ዓይንዎን ከዘይቱ ሙቀት አይንቀሉ፤ የሮታሪ ሞተር ሙቀት ትልቅ ድርሻ የሚወጣው በዘይቱ ነው። 100 ዲግሪ ካለፈ ጋዙን ይቀንሱና ሰፋ ያለ የዘይት ማቀዝቀዣ ይፈልጉ፤ ያ ሳይገኝ ሰንሰለቱ አይፈታ።