ስለ ጓሮ አረም፤ ከጓሳ አገር የሚገኝ ትምህርት

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለጓሮ አረም የተነገረ ይመስለናል። አረም ገና ሁለት ቅጠል ሳለ የሕፃን እጅ ይነቅለዋል። ዘሩን ከጣለ በኋላ ግን ልፋቱ የብዙ ዓመት ይሆናል፤ ዘሩ ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያልና።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ መንዝ እንሂድ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ ውርጫም ደጋ ነው። በዙሪያው ያለው ባላገር ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ በጓሮውም ድንች፥ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ይተክላል። በክረምት የማሳውና የጓሮው አረም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የጓሮውም ሥራ ከሁሉ ይልቅ በእናቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አረምን አስቀድሞ መከላከል የእነርሱን ጉልበት ማዳን ነው።

«መድኃኒት ብንረጭስ?» የሚል ይኖራል። በገብስ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል ነው። እንግዲያስ ጎመኑ፥ ድንቹና ባቄላው ከአረሙ ጋራ ይጎዳሉ፤ የሣር ወገን የሆነው ስናር ግን ይተርፋል። ለጓሮ የሚስማማው የሚከተለው ዘዴ ነው።

አንደኛ፥ ዝናብ እንደ ጣለ መደቡን አለስልሶ ሁለት ሳምንት ያህል መቆየት፤ አረሙ ሲበቅል ላይ ላዩን ኮትኩቶ ከዚያ መትከል። ጠልቆ የሚቆፍር ሰው የተኛውን ዘር ወደ ብርሃን ያወጣዋል።

ሁለተኛ፥ ፀሐይ በወጣበት ጧት ማረም። በዝናብ ቀን ተነቅሎ እመደቡ ላይ የተጣለ አረም እንደገና ሥር ይሰዳል። ቱልትን የመሰለው ግን ከነሥሩ ተቆፍሮ መውጣት አለበት።

ሦስተኛ፥ ጥሬ ፍግ አለመበተን። ከብት የበላው የአረም ዘር ሁሉ በሆዱ ውስጥ አይሞትም። ፍጉ ተከምሮና እየተገላበጠ ሲብላላ፥ ውስጡ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሞቀ አብዛኛው ዘር ይሞታል።

አራተኛ፥ በተክሉ መካከል ያለውን አፈር ማልበስ። ብርሃን ካልደረሰው ብዙው የአረም ዘር አይበቅልም። ነገር ግን በምን እናልብሰው? ገለባው የከብት ቀለብ ነው። የጓሳን ሣር ለዚህ ብሎ ማጨድም አይገባም። ይህ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ በመሆኑ፥ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት እየዘጉ ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ዛሬም ስፍራውን በራሱ ደንብ ይጠብቃል። እንግዲህ ቤት እንደገና ሲከደን የሚወርደውን አሮጌ ክዳንና፥ ሳያብብ ተነቅሎ የደረቀውን አረም እንጠቀም። የትናንቱ ጠላት የዛሬው አፈር ልብስ ይሆናል።

ከጓሳ የምንማረውም ይኸው ነው። ሣሩ በተጠበቀበት ስፍራ አፈሩ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ራቁቱን የቀረ አፈር ግን ያገኘውን ይለብሳል። እኛ ካላለበስነው አረም ያለብሰዋል።

ስለዚህ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፥ ይህን ጽሑፍ ከማንበብ አልፈን አንዲት መደብ በዚህ ዘዴ እንሞክር። እናቶቻችን ከቃላችን ይልቅ መደቧን አይተው ይፈርዳሉ።