ያለ መፍቻ የሚገጠም የቧንቧ ማያያዣ

በገነተ ማርያምም ሆነ በሌላው የላስታ ደጋ ውኃ ከምንጭ እየተሸከሙ ላደጉ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በሰከንድ 1 ጠብታ ማለት በቀን 86,400 ጠብታ ነው።

እስቲ ተገፍቶ የሚያዘውን ማያያዣ እንመልከት። ክር የለውም። በውስጡ ቧንቧውን ነክሶ የሚይዝ ባለጥርስ የብረት ቀለበትና ውኃውን የሚያግድ የጎማ ቀለበት አሉ። ሙያው ግን ያለው ከቧንቧው ጫፍ ላይ ነው። ውኃውን ዘግተን ጫፉን ቀጥ አድርገን እንቆርጣለን፤ ሸካራውን እናለሰልሳለን፤ አለዚያ ጎማውን ይቧጭረውና ማፍሰሱ አይቀርም። የሚገባበትን ልክ በእርሳስ እናመልክትና ምልክቱ ድረስ እንግፋ። ቀጥሎ ወደ ኋላ ሳብ አድርገን እንፈትነው።

ታዲያ ለሁሉም ቧንቧ አይሆንም። የብረቱ ቧንቧ በክርና በማኒኮቶ ይጋጠማል። በሙቀት የሚበየደው ፕላስቲክም የራሱ መሣሪያ አለው። በገጠር የሚዘረጋው ጥቁር ፕላስቲክ ግን የዚህ ዘመድ የሆነ ባለ ዳዶ ማያያዣ አለው፤ የጥርስና የጎማ ቀለበቱ ሥራ ያው ሆኖ፣ የሚያጠብቀው ዳዶው ነው።

ገበያ ከመውጣታችን በፊት የቧንቧውን የውጭ ስፋት እንለካ። 20 እና 25 ሚሊ ሜትሩ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ተሳስቶ የተገዛን ማያያዣ ለመመለስ እስከ ላሊበላ መጓዝ ደግሞ ቀላል አይደለም።